የረጅሙ ሰው ኮርቻ

በላይ ሞቶም ቃሬዛው አልበቃውም። አራት ገበሬዎች ከገደሉ ሥር ተሸክመው ሲያወጡት እግሮቹ ከቃሬዛው ተርፈው በአየር ላይ ይወዛወዙ ነበር። መቶ አለቃ አጥናፉ መንገድ ዳር ቆሞ መጀመሪያ ያየው ፊቱን ሳይሆን እነዚያን እግሮች ነው። የመካነ ሰላም ሰው በላይን ከሩቅ የሚለየው በእግሩ ርዝመት ስለነበር፣ ፊቱን ገልጦ ማየት አላስፈለገውም።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ቢተው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ። «ወደ ደሴ ሲጓዝ ኩርባው ላይ ፍሬን ከዳው። የፍሬኑ ሽቦ ተበጥሷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ትናንት ጠዋት ሞተሩን ሲነካካ የነበረው ማነው? መካኒኩ ፈንታዬ! ይህ አሻጥር ነው።»

«ፈንታዬ የት አለ?»

«ታስሯል። ነገ ጠዋት የእህል መኪናው ሲመለስ ደሴ ይላካል።»

ዘመኑ 1977 ነው። ዝናቡ ከድቶ፣ የቆላውም የደጋውም ሰው ልጁን አዝሎ እህል ወደሚታደልበት ይጎርፋል። «አሻጥር» የሚለው ቃል ደግሞ ያኔ ማስረጃ አይጠይቅም ነበር። አንዴ ከሰው ስም ጎን ከተቀመጠ የሚያነሳው አይገኝም። በአሻጥር ተከሶ ደሴ የተላከ ሰው ሲመለስ ያየ በመካነ ሰላም አልነበረም።

የፈንታዬ ሚስት ወርቂቱ ይህን ታውቃለች። መቶ አለቃው ገና ከኩርባው ሳይንቀሳቀስ እግሩ ሥር ወደቀች። «ጌታዬ፣ ባሌ እንኳን የበላይን ፍሬን ሊቆርጥ፣ በላይን እሾህ ቢወጋው ያለቅሳል። ልጆቼን ላንቱ ሰጥቻለሁ!» አለች። ከመሬት አነሳት፤ ቃል ግን አልገባላትም። ቃል ከመግባቱ በፊት ማየት የሚወድ ሰው ነው።

አጥናፉም ረጅም ነው፤ ከበላይ ቢያንስ በጥቂት ጣት ነው። ረጅም ሰው እንግዳ በሆነበት አገር ኑሮው አስቸጋሪ ነው። የሰው ቤት በር ግንባሩን ይለዋል፣ የተከራየው አልጋ እግሩን ውጭ ያሳድረዋል። ከደሴ ተዛውሮ ከመጣ ወዲህ ራቱን ብቻውን በልቶ፣ ሬዲዮኑን ብቻውን ሰምቶ ይተኛል። የፖሊስ ጣቢያው ሞተር ሳይክል ደግሞ ትንሽ ናት። ሲቀመጥባት ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳልና ልጆች «አንበጣ መጣ!» እያሉ ይሮጡበታል። በዚያ ከተማ ሰው ሁሉ አንጋጦ ነው የሚያየው። ዓይን ለዓይን የሚያየው በላይ ብቻ ነበር።

በላይ የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ሞተሮች በመኪና ተጭነው የመጡ ዕለት ሁለቱ አብረው ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ አብረቅራቂዋ ቀይ ሞተር ሲሻማ፣ በላይ ግን በሁሉም ላይ ተራ በተራ እየወጣ ይቀመጣል፤ ይወርዳል፤ ያስባል። «ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?» አለው አጥናፉ።

«ከሚስት ይብሳል። ሚስትህ ብትጠብህ ትታረቃለህ» አለ በላይ። «ሞተር እንደ በቅሎ ነው፤ በመልኩ አይገዛም። ቁጭ በል፣ ጉልበትህን ተመልከት። ከዳሌህ በላይ ከወጣ ተወው፣ ከላላ ከተማ ሳትደርስ ወገብህ ያልቃል። ቀጥሎ እግር መርገጫው ላይ ተነስተህ ቁም። ሳትጎነበስ እጅህ መሪውን ካገኘ፣ ያ ያንተ ነው።» ማንም ያልፈለጋትን፣ ከፍ ብላ የቆመችውን ጥቁሯን መረጠ። እሷም ትንሽ አነሰችው። ስለዚህ የአቀስታ ባና፣ ያንን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አጣጥፎ ኮርቻው ላይ ደረበ፤ ፈንታዬም በጠፍር አሰረለት። «ከደሴ ስመለስ ያንተንም ትንሿን እናስተካክላታለን» ያለው በዚህ ሳምንት ነው። አጥናፉ ይህን እያስታወሰ ወደ ገደሉ ወረደ።

ጥቁሯ ሞተር ከኩርባው ሥር ድንጋይ ላይ ተደፍታለች። የፍሬኑ ሽቦ እውነትም ተበጥሷል። ነገር ግን ጫፉ ተተርትሮ የተበጠሰ እንጂ የተቆረጠ አይመስልም፤ መሪው ራሱ ሲሰበር ነው አብሮ የሄደው። ማርሹን በእጁ ነካ፤ ጎማውን አሽከረከረው። ጎማው እንደ ልቡ ዞረ። ፎሌ ላይ ነው፣ ምንም ማርሽ አልገባም።

ከዚያ ኮርቻውን አየ። ባናው የለም። ከኮርቻው ሥር አንድ ቁራጭ ጠፍር ከነዘለበቱ ተንጠልጥሏል። ዘለበቱ እንደተቆለፈ ነው፤ የተቆረጠው ጠፍሩ ነው።

«ሬሳውን ያገኛችሁት የት ላይ ነው?» ሲል ከተሸካሚዎቹ አብሮት የወረደውን ጠየቀ።

ሰውዬው ወደ ኋላ፣ ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ አመለከተ። «ወዲያ ነው ጌታው፣ ከዚያ ጥድ ሥር። እኛም ገርሞናል፤ ሞተሩ እዚህ፣ ሰውዬው እዚያ።»

አጥናፉ ከጥዱ ሥር ቆሞ አንጋጠጠ። ከገደሉ አፋፍ ላይ የሚታየው የጤና ኬላው ቆርቆሮ ጣሪያ ነበር።

ፈንታዬን በእህል መጋዘኑ ጥግ ጆንያ ላይ እጁን ታስሮ ተቀምጦ አገኘው። ፊቱ ላይ ዱላ አርፎበታል።

«ፍሬኑን ነክተሃል?»

«የፊቱን አጥብቄለታለሁ፣ መቶ አለቃ። ላላ ብሎ ነበር፤ ደግ ሠራሁ ብዬ።»

«የኮርቻውን ጠፍር የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ዘለበቱን ከሥር ደበቅሁት፣ ሱሪውን እንዳይዝበት። ከሥር ገብተው አንዴ ሳብ ካደረጉት ይፈታል። የማያውቅ ሰው ግን ከላይ ሲያየው መፍቻ ያለው አይመስለውም።» ከዚያ «ወርቂቱ ምን አለች?» ሲል ጠየቀ። አጥናፉ እግሩ ሥር ስለ መውደቋ አልነገረውም። «ደህና ናት» አለው።

መጋዘኑን የሚጠብቀው አራጌ ነው፤ አጭር፣ ድንቡሽ ያለ፣ ቀዩዋን ሞተር ተሻምቶ የወሰደ ሰው። ባለፈው ቅዳሜ ከበላይ ጋር በገበያ መሐል ተሰዳድበዋል። አጥናፉ ይህንኑ ሲያነሳበት አራጌ ላብ ላብ አለው።

«ተጣላን፣ አልክድም። ሰልፈኛውን ለምን ታንጓልላለህ ብሎ ጮኸብኝ። እህል ሲያንስ ማን ከማን ያልተጣላ አለ? ግን ሰው በስድብ አይሞትም።»

«ደሴ ምን ሊሠራ ነበር የሚሄደው?»

አራጌ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ሰፈራው ሊናገር። እህል ብሎ የመጣውን ሰው ከሰልፍ እየነጠቁ መኪና ላይ ይጭኑታል። ሄዶ የሚሰፍረው ጤነኛ ብቻ ነው ይባላል። ባለፈው ከተጫኑት ሽማግሌዎች ሁለቱ ግን አቀስታ ሳይደርሱ ሞተዋል። በላይ ይህን ሰማ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።»

«ጤነኛ ነው እያለ የሚያሳልፋቸው ማነው?»

«እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፣ መቶ አለቃ» አለ አራጌ፣ ዓይኑን ወደ ጆንያዎቹ መልሶ። የፈራ ሰው መልስ ነውና አጥናፉ አልተጫነውም።

የጤና ኬላው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከኩርባው በፊት በአፋፉ ላይ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ጤና ረዳቱ ካሳ እናቶችን አሰልፎ ልጆች ሲያይ አጥናፉ ደረሰ። ካሳ የቄስ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቁመቱ የአጥናፉ ደረት ላይ የማይደርስ፣ ለታመመ ሰው እጁ የማይከብድ። በላይ ነው ሞተር መንዳት ያስተማረው። የአንዱን ሕፃን ሆድ ገለጠና ቆዳውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተ።

«ይሄ ምን ያደርግለታል?» አለ አጥናፉ።

«ለሱ ምንም አያደርግለትም። ለእኔ ይነግረኛል። ቆዳው ወዲያው ከተመለሰ ውሃ አለው። እንደታጠፈ ከቀረ ግን…» ለእናቲቱ ጨውና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ሰጣትና ቀጣዩን ጠራ።

«ትናንት በላይ እዚህ ቆሞ ነበር?»

«አልቆመም። ከሰዓት በኋላ ሲያልፍ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ጉም ወርዶ ስለነበር መልኩን እንኳ አላየሁም።» ይህን ሲል የሚቀጥለውን ልጅ ሆድ መቆንጠጥ ረሳ።

አጥናፉ ከቤቱ ኋላ ዞረ። አጥር የለም። ሣሩ ካለቀበት ጀምሮ ገደል ነው፤ ከሥሩ ያ ጥድ ይታያል። እዚያ ቆሞ ብዙ ቆየ። በላይን የገደለው ሰው ይሄ ባይሆን ምን ያህል ደስ ባለው። ግን ምኞትና ምርመራ ለየቅል ናቸው፤ ካሳንም በግምት ብቻ ቢያስረው ቢተው ፈንታዬን ካሰረበት በምን ይሻላል? የጎደለው ባናው ነበር።

ባናውን ሲፈልግ ውሎ ሊመሽ ሲል ከከተማው ጫፍ፣ ከተራቡ ሰዎች መጠለያ አገኘው። ቀይና ጥቁር መስመር ያለው የአቀስታ ባና ውስጥ አንድ ሕፃን ጭንቅላቱ ብቻ ብቅ ብሎ ተኝቷል። ከባናው ጠርዝ የተቆረጠ ጠፍር ተንጠልጥሏል። እናቱ ሀሊማ ትባላለች፤ ከከላላ በእግሯ የመጣች ናት። የፖሊስ ልብስ ስታይ ልጁን ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

«ወላሂ አልሰረቅሁም፣ ጌታው!»

«አብሽሪ እህቴ፣ ማንም አይነካሽ» አለና ጎንበስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማን እንደሰጠሽ ብቻ ንገሪኝ።»

«አላህ ይስጠው እንጂ አላውቀውም። ትናንት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚያ ከጤና ቤቱ ገና ሳንደርስ፣ መንገድ ዳር ደክሞን ቁጭ ብለን፣ ጉሙ ላያችን ላይ። ልጄ ብርዱ ሊገድለው ነው። ሞተር መጣ። ይሄንን ከፊቱ አቅፎታል። አለፈን፤ ኋላ ቆመና ወደኛ ተመለሰ። ሲቆም እግሩ መሬቱን የሚነካው በጣቱ ብቻ ነው፤ ሊወድቅ ነው ብዬ ነበር።»

«ፊቱን አየሽው?»

«በጋቢ ተጀቡኗል። ቃል አልተናገረኝም። ግን ያደረገው ገረመኝ፤ የልጄን ሆድ ገለጠና ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ዱዓ የሚያደርግለት መሰለኝ። ኋላ ባናውን ጠቅልሎበት ሄደ። ያ አላህ፣ ያን ሌት በሱ ነው ያደረ።»

አጥናፉ ሰንጢውን ከኪሱ አወጣ። የተንጠለጠለችውን ጠፍር ቆርጦ ያዘ። ባናውን ግን አልነካም። «ባናው የልጁ ነው» አላት። «ነገ ጠዋት ልጁን ይዘሽ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ድረስ ትመጪልኛለሽ።»

በማግስቱ የእህል መኪናው ከአዳራሹ ደጅ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ውስጥ ቢተው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ፈንታዬ እንደታሰረ መሐል ላይ ቆሟል፤ ወርቂቱ ከበሩ ሥር፣ አራጌና ካሳ በአግዳሚው ላይ፣ ሀሊማ ልጇን ይዛ ከኋላ ናቸው። መቶ አለቃ አጥናፉ ሲገባ እንደ ልማዱ ከበሩ ሥር ጎነበሰ።

«መኪናው ይቸኩላል» አለ ቢተው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ ብዙ አልፈጅም» አለ። «ፍሬን ከድቶት ኩርባ ላይ የወጣ ሰው ወዴት ይወረወራል? ወደ ፊት። ሞተሯ ከኩርባው ሥር ናት፤ በላይ ግን የተገኘው ገና ኩርባው ሳይደረስ፣ ወደ ኋላ ነው። ወደ ኋላ የሚበር ሰው አላየሁም። ስለዚህ ሰውየውና ሞተሯ በአንድ ጊዜ አልወደቁም።»

ውጭ የመኪናው ሞተር ያጉረመርማል።

«ሞተሯ ፎሌ ላይ ነው የተገኘችው። እየተነዳች የሄደች ሞተር ማርሽ ውስጥ ትገኛለች። ይህችን ግን አንድ ሰው ወርዶ በእጁ ገፍቶ ነው የጣላት። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ የነዳት ማነው? በላይ ኮርቻውን በባና ከፍ አድርጎት ነበር። ረጅም ሰው ካልሆነ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩ መሬት አይደርስም፤ በዚያ ኮረት መንገድ ላይ ደግሞ እግሩ መሬት የማይደርስ ሰው መውደቁ ነው። ስለዚህ ነጂው ባናውን አነሳው። ነጂው አጭር ነው።»

አራጌ ከአግዳሚው ተነሳ። «መቶ አለቃ፣ እኔ በእናቴ…»

«ተቀመጥ፣ አልጨረስኩም። ነጂው ባናውን ያነሳው ጠፍሩን ቆርጦ ነው።» ቁራጩን ጠፍር ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ዘለበቱ ከሥር ተደብቆ አንዴ ሲሳብ ይፈታ ነበር። ይህን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። ፈንታዬ ቢሆን ገና ሳያስብ እጁ ይፈታው ነበር። ፈንታዬ በላይን አልገደለም።»

ወርቂቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«ታዲያ ማነው?» አለ ቢተው፣ ድምፁ ትንሽ ወርዶ።

አጥናፉ ለቢተው አልመለሰም። ወደ አግዳሚው ዞረ። «ካሳ፣ ይህ ልጅ ብርድ መቶት የመጣ ነው። እናቱ ፈርታለች። እስቲ እየው።»

ካሳ ባናውን አየ። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። ቢሆንም ልጁ አለቀሰና፣ ካሳ ተነሳ፤ ከሀሊማ እግር ሥር ተንበርክኮ ባናውን ገለጠ። እጁ ማንንም ሳታማክር ወደ ሆዱ ሄደች። ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው ወዲያው ተመለሰ።

«ተመለሰ» አለ ካሳ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ። ቀና ሲል የሀሊማን ዓይን አገኘ።

«እሱ ነው» አለች ሀሊማ በቀስታ። «እጁ ነው። ኧረ ምነው፣ ልጄን ያተረፈው ሰው ነው እኮ!»

ካሳ እዚያው እንደተንበረከከ ቀረ። ሲናገር ለአዳራሹ ሳይሆን ለአጥናፉ ብቻ ነበር። «ሊሰናበተኝ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹን ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ማለፍ እንደማይችሉ እያወቅሁ። በላይ ደሴ ሄጄ እናገራለሁ አለኝ። ከቤቱ ኋላ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። የሚያጠፉት እኔን ነው አልኩት። ‹አውቃለሁ፣ ግን ሰው እየሞተ ነው› አለኝ። ሊሄድ ሲዞር ገፋሁት። በሁለት እጄ ገፋሁት። ገደሉ እንዲህ ቅርብ መሆኑን የማላውቅ ይመስል።»

«ለምን አሳለፍካቸው?»

ካሳ አንገቱን ወደ ጠረጴዛው አዞረ። «ስለ እናቴ ስለ አልጣሽ ‹የሰፋሪው ቁጥር ካልሞላ እሷም ትጫናለች› አለኝ። ጓድ ቢተው ነው ያለኝ።»

«ይህ የጸረ አብዮት ወሬ ነው!» ቢተው ጠረጴዛውን መታ። ግን ዓይኑን ወደማንም ማሳረፍ አልቻለም፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚያየው።

«ባናውን ለምን ገደል አልከተትከውም?» አለ አጥናፉ። «ብትከተው አላገኝህም ነበር።»

«ልጥለው ነበር የያዝኩት» አለ ካሳ። «አለፍኳቸው እኮ። ከዚያ ልጁ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ። ሰው ገድዬ ሳበቃ ባና ልንፈግ?» ባናውን መልሶ በልጁ ላይ ሸፈነ። «ልጁ ይተርፋል፤ ቆዳው ተመልሷል።»

«ይተርፋል» አለው አጥናፉ። ከሱ ሌላ ሊሰጠው የሚችለው ነገር አልነበረውም።

ካሳ በሁለት ፖሊሶች መካከል መኪናው ላይ ወጣ። አጥናፉ ግን በገዛ ሞተሩ ሊከተል ወሰነ። በላይ ደሴ ደርሶ ሊናገር የነበረው ነገር አልተነገረም፤ ካሳም ብቻውን ቢሄድ ቃሉ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ቢተውም በቦታው ይቀመጣል። ይህን የሚናገር መቶ አለቃ ምን እንደሚገጥመው አጥናፉ ያውቃል። ቢያውቅም ሌላ የሚናገር ሰው አላየም።

ፈንታዬ እጁ ከተፈታ ገና የገመዱ ምልክት ሳይጠፋ፣ ቁልፎቹን ይዞ መጣ። ማንም ሳያዘው በትንሿ የፖሊስ ሞተር ሥር ገባ። የመሪውን ብሎን ፈትቶ ከፍ አደረገው፣ እግር መርገጫውን ወደ ታች አዛወረው፣ ኮርቻው ላይ ባዶ የእህል ጆንያዎች አጣጥፎ ደረበ።

«ምን ያህል ከፍ ላድርገው፣ መቶ አለቃ?»

«በበላይ ልክ» አለ አጥናፉ።

ጠፍሩን አስሮ ዘለበቱን ከሥር ደበቀ። «አንዴ ሳብ ካደረጉት ይፈታል» አለ በዝግታ፣ ቀና ሳይል።

አጥናፉ ወጣና ተቀመጠ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር አልተጋጨም። እግር መርገጫው ላይ ተነስቶ ቆመ፤ ሳይጎነበስ እጁ መሪውን አገኘው። በላይ እንዳለው ሆነ። ከተወለደ ጀምሮ የተመቸው የመጀመሪያው ነገር መሰለው። «ይኸው፣ እውነትህን ነው» ሊል ወደ ጎኑ ዞር አለ። ከጎኑ ፈንታዬ አንጋጦ ያየዋል፤ ወርቂቱ አንጋጣ ታየዋለች፤ ልጆቹም ከአጥሩ ሥር አንጋጠው ያዩታል። ዛሬ «አንበጣ መጣ» ያለ አልነበረም።

ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን ተከተለ።